ፕሮግራሙ ገና አልጀመረም ይላል

ሮቤ፣ ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለጀሊል
ቡርሳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አከም ጂርታ፣ እንዴት ነህ ልጄ? ይህ ወረቀት ሲደርስህ ጤናህ የተሟላ፣ ክፍልህ የሞቀ፣ አለቃህም የሳቀ ይሁን። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዓረፋ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ገበያው በበግ ተሞልቶ ሰው የሚያልፍበት ጠፍቷል። ብርዱማ ያው የምታውቀው ነው፣ አልተሻለውም።

ማን ናት ይቺ ብለህ ግራ እንዳይገባህ፣ ዙሀይራ ነኝ። የአንተ አያትና የእኔ አባት ወንድማማቾች ናቸው፣ ስለዚህ አዳዳህ፣ በአባትህ በኩል አክስትህ ነኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ሆነህ ጎባ እናንተ ቤት መጥቼ ልመለስ ስል ጫማዬን ደብቀህ "አትሄጂም" ብለኸኝ ነበር። አንተ ብትረሳው እኔ አልረሳሁትም፤ በአንድ እግር ጫማ ነው መናኸሪያ የደረስኩት!

ልብህ እንዲያርፍ ቶሎ ልንገርህ፣ ብር ልጠይቅህ አይደለም። እናትህ "ጀሊል እኮ እዚያ ቱርክ ጥልፍ ቤት ውስጥ ኮምፒውተሩን የሚያዘው እሱ ነው" አለችኝና ከዚያች ቀን ወዲህ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት ሴቶች ተደራጅተን ከገበያው ጀርባ ሼድ አገኘን። በኮምፒውተር የሚሠራ የጥልፍ ማሽንም ገዛን። አበባውን ኮምፒውተሩ ላይ ትሥለዋለህ፣ በፍላሽ ወስደህ ማሽኑ ላይ ትሰካዋለህ፣ ከዚያ እሱ ራሱ ይጠልፋል፣ አንተ ቆመህ ታያለህ። ሻጩ ሲያሳየን አፋችንን ከፍተን ነው የቀረነው። መቼም ለአንተ ይህን ማስረዳቴ ለአሣ ዋና እንደማስተማር ነው፣ ግን ሳልናገር አልችልም።

ማሽኑ ደህና ነው። ያስቸገረን የሥዕሉ ፕሮግራም ነው። ሻጩ ፍላሹን ሰጥቶን ሄደ፣ አሁን ስልኩን አያነሳም። ፕሮግራሙን ኮምፒውተሩ ላይ ልንጭነው ስንል ትንሽ ይሄድና ይቆማል፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ይጽፋል። እኔ እስከ አሥራ ሁለተኛ ተምሬያለሁ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ ቃል በቃል ፈታሁት። "የፈቃድዎ ጊዜ ገና አልጀመረም" ነው የሚለው።

እኛ ምን እንዳደረግን ታውቃለህ? ይጀምር ብለን ጠበቅን! ሦስት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ኮምፒውተሩን እየከፈትን "ዛሬስ ጀመረ?" እንላለን። ሩሃማ፣ የሆሳዕና ልጅ ናት አብራን የምትሰፋ፣ "ምናልባት ከበዓሉ በኋላ ይሆናል" እያለች ታጽናናናለች። የሁላችን ታላቅ ጁሀራ ግን "ምጥ ነው እንዴ የሚጠበቀው?" ብላ በርጩማዋን ይዛ ወጣች።

ደሎ መና ለሚደረግ ሠርግ ሃያ አራት ሻሽ ታዘናል፣ ጠርዛቸው ላይ የቡና ፍሬና ቅጠል የተጠለፈባቸው። ሠርጉ ሐምሌ አሥራ ሦስት ነው። እስካሁን አንድ ቅጠል አልጠለፍንም።

ለምን አትደውይም ትለኝ ይሆናል። ሼዱ ውስጥ ስደውል አራቱም ጆሯቸውን ይደቅናሉ፣ ቤት ደግሞ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። እንዲህ በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ኔትወርክ ሲመጣ እልክልሃለሁ።

አላህ እጅህን ከመርፌ፣ ልብህን ከሐሳብ ይጠብቅልኝ።

አዳዳህ ዙሀይራ


ቡርሳ፣ ጁን 14 ቀን 2025

ለተከበሩ አዳዳ ዙሀይራ

ወዓለይኩሙሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዓረፋን በጤናና በደስታ እንዳሳለፋችሁ ተስፋ አለኝ። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ጫማዎን መደበቄን አላስታውስም፣ ደብቄ ከሆነ ግን ለእሱም አፉ ይበሉኝ።

ስለ ፕሮግራሙ፣ እንዲህ ዓይነት ችግር ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩት። እምቢ ካለ የተጫነውን አውጥተው እንደ አዲስ ይጫኑት። አሁንም እምቢ ካለ ስክሪኑን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። እኔን መጠየቅዎን ለእናቴ ባይነግሯት ደስ ይለኛል። ሌላ ምክንያት የለውም፣ እንዲሁ እንዳትጨነቅ ነው።

አላህ ያክብርዎት።

ጀሊል


ሮቤ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርህ ልጄ ለጀሊል

አሰላሙ ዓለይኩም። ደብዳቤህ ስትመጣ ከደስታዬ የተነሳ መነጽሬን ሳላደርግ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ግን ልጄ፣ አሥራ አንድ ቀን ጠብቄያት በአንድ ትንፋሽ አለቀችብኝ! ሥራ የበዛበት ሰው መሆንህ ገብቶኛል፣ አልወቅስህም። ትንሽ ብቻ ነው የምወቅስህ።

ያልከውን ሁሉ አደረግን። አጠፋን፣ አበራን። አውጥተን እንደገና ጫንን። ያው ነው፣ ገና አልጀመረም ይላል። ጁሀራ "ማጥፋትና ማብራቱንማ እኔም አውቀዋለሁ፣ ለዚህ ነው ቱርክ ድረስ የጻፍሽው?" ብላ ሳቀችብኝ። ነገሩ ምን ያህል እንደከበደኝ ገምት።

ፎቶውን ይኸው ልኬልሃለሁ። የምታየው ቴሌቪዥን የቤቴ ነው። የኮምፒውተሩ ስክሪን ከሻሸመኔ ሲመጣ አውቶቡስ ላይ ተሰነጠቀና ይህን ከሳሎን ነቅዬ አመጣሁት። ባለቤቴ አኩርፎኛል፣ ኳስ ጎረቤት ሄዶ ነው የሚያየው። ቡድኑ ሲሸነፍ ብቻ ነው እየሳቀ የሚገባው፣ "እንኳን ቤቴ ሆኜ አላየሁት" እያለ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ይህንን የምጽፈው ሰው በሌለበት ነው።

ማሽኑን ስንገዛ ድርሻዬን ያዋጣሁት የእግር መኪናዬን ሸጬ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰፋሁባት፣ ሦስት ልጅ ያስተማርኩባት መኪና። ባለቤቴ "ጎባ እህትሽ ጋ ለጊዜው ናት" ያልኩትን አምኖ ተቀምጧል። ሴቶቹም አያውቁም። ያን ጊዜ ምን ሆነብኝ መሰለህ፣ አዲሱ ማሽን በሳምንቱ ሥራ ይጀምራል፣ አሮጌዋን ማንም አይጠይቀኝም ብዬ ነበር።

ከሻሸመኔ አንድ ነጋዴ መጥቶ ማሽኑን ልውሰድላችሁ ብሏል። ሴቶቹም እስከ ሰኔ ሠላሳ ካልሠራ እንስጠውና ሁላችንም ወደየቤታችን እንመለስ ብለው ተስማምተዋል። አልፈርድባቸውም። እነሱ ቤታቸው የስፌት መኪና አላቸው። እኔ ግን የምመለስበት የለኝም ጀሊል። ባዶ ጠረጴዛ ነው የሚጠብቀኝ።

ስለዚህ ልጄ፣ የማታውቀው ነገር ከሆነ አላውቅም በለኝ፣ አልቀየምህም። ዝም ብቻ አትበለኝ።

አላህ መንገድህን ያቅና።

አዳዳህ ዙሀይራ


ቡርሳ፣ ጁን 24 ቀን 2025

ለአዳዳዬ ለዙሀይራ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ።

አዳዳ፣ አላውቅም። ይህችን ቃል ለመጻፍ ሳምንት ፈጀብኝ።

እኔ ኮምፒውተሩን አላዝም። ጥልፍ ቤት መሥራቴ እውነት ነው፤ ሥራዬ ግን ከማሽኑ የወጣውን ጨርቅ ተቀብሎ ትርፉን ክር በመቀስ መቁረጥ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ። ለእናቴ መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ "ኮምፒውተር ያለበት ክፍል ነኝ" አልኳት፣ እሱም ውሸት አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ከፊቴ ነው። ከዚያ እሷ ለጎረቤት ስትናገር ቀስ በቀስ አደገ፣ እኔም አላረምኩትም። አጥፍተው ያብሩት ያልኩዎት ሁሉም ሰው የሚለው ስለሆነ ነው።

ስለ እግር መኪናዎ ካነበብኩ በኋላ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። የክፍላችን ኃላፊ ኮስታራ ሴትዮ ናት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰላምታ ካልሆነ በቀር አውርቻት አላውቅም። በምሳ ሰዓት ፎቶውን ይዤ ሄድኩባት። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችውና "ጠርዙ የት ሄደ?" አለችኝ። እኔ የምን ጠርዝ እላለሁ። ከታች መታየት ያለበት መስመር እንዳለ የለም፣ ግራና ቀኙም ተቆርጧል። ቴሌቪዥን እንዲህ ያደርጋል አለች፤ ሥዕሉን ያሰፋና ዳር ዳሩን ይበላዋል። "መጀመሪያ ሙሉውን አሳዩኝና ከዚያ እንነጋገራለን" ብላ ሻይዋን ጠጣች።

ስለዚህ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ይያዙ። "ሜኑ" የሚለውን ተጭነው የሥዕል መጠን የሚመረጥበትን ይፈልጉ። ከሚዘረዘሩት ውስጥ አንዱ ሥዕሉን ሳይቆርጥ ልክ እንዳለ ያሳያል። ስሙ በየቴሌቪዥኑ ስለሚለያይ አንድ በአንድ ይሞክሩት፤ የሚበላሽ ነገር የለም። ከዚያ አዲስ ፎቶ ይላኩልኝ።

ስለ እኔ የጻፍኩልዎትን እርስዎ ጋ ያስቀሩልኝ።

ጀሊል


ሮቤ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣ አዎ፣ ለልጄ ለጀሊል

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ለዚህች ኮስታራ ሴትዮህ ዕድሜ ይስጥልኝ። ስሟን ባውቀው ዱዓ ላይ በስሟ እጠራት ነበር።

መጀመሪያ ስለ አንተ። እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ ጥልፍ ስትገዛ ፊቱን አታይም ነበር። ገልብጣ ጀርባውን ታያለች፤ ክር ከተንጠለጠለበት ወርውራ ትሄዳለች፣ ሻጩ ቢለምናት አትመለስም። ይኸው አንተ የምትሠራው እሷን የሚያስገዛትን ሥራ ነው። ምኑ ያሳፍራል? ለእናትህ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እሱን አንተው ንገራት። ይልቅ እኔ ለባሌ እንዴት እንደምናገር ምከረኝ!

አሁን ስማ። ሪሞቱን ይዤ ገባሁ። ሩሃማ ከጎኔ፣ ጁሀራ ከኋላዬ ሆና "ቀስ በይ፣ ታጠፊዋለሽ" ትለኛለች። አንዱን ስመርጥ ሥዕሉ ቀጠነ፣ ሌላውን ስመርጥ ወፈረ። ጁሀራ "ይቺኛዋ የሠርግ ቪዲዮ ላይ ያለሁትን እኔን ትመስላለች" አለች። አራተኛው ላይ ግን፣ ያ ረቢ! ስክሪኑ ተንፍሶ ቦታው ላይ ቁጭ አለ። ከታች አንድ ሙሉ መስመር ወጣ! ለካስ እኛ እስከ ዛሬ ቤቱን በመስኮት ነበር የምናየው። ሩሃማ እልል አለች፣ የጎረቤት ሼድ ብረት በያጆች ማሽኑ የጀመረ መስሏቸው እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉ መጡ።

ፕሮግራሙን እንደገና ጫንነው። ያው ነው ልጄ። ገና አልጀመረም። በያጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

ሙሉው ፎቶ ይኸውልህ። ሴትዮዋ ደህና አድርጋ ትየው። ለእሷ እንዲመቻት ቀኑም ሰዓቱም ልክ ነው፣ ከታች በቀኝ ጥግ ታየዋለች፤ ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአርባ ነው ያነሳሁት። ይህ ኮምፒውተር መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ስለሚረሳ እኔ ነኝ በየጠዋቱ የግድግዳውን ካሌንደር እያየሁ የማስተካክለው። አሥረኛው ወር፣ ሃያኛው ቀን፣ 2017። አንድ ቀን እንኳ አሳስቼው አላውቅም። በዚህ በኩል ሥራዬ ንጹሕ ነው።

ነጋዴው ዛሬም ደውሏል። አሥር ቀን ቀርቶናል።

አዳዳህ ዙሀይራ


ቡርሳ፣ ጁን 28 ቀን 2025

ለአዳዳዬ

አሰላሙ ዓለይኩም። ዛሬ አልዘገየሁም፣ አይደል?

አዳዳ፣ ፎቶውን ለኃላፊዋ ሰጠኋት። አየችው፣ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ እንደገና አየችው። ከዚያ እኔ በሁለት ዓመት ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቀች። "አክስትህ የምትኖረው ከስምንት ዓመት በፊት ነው" አለችኝ።

ቀኑ ነው! ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጅን ዘመን ነው። እርስዎ 2017 ብለው በየጠዋቱ ሲነግሩት እሱ በፈረንጅ 2017 ላይ ነኝ ብሎ ያምናል። የፕሮግራማችሁ ፈቃድ የሚጀምረው ደግሞ በፈረንጅ 2025 ነው። ስለዚህ "ገና አልጀመረም" ያላችሁ እውነቱን ነው። እናንተም ዝም ብላችሁ ብትጠብቁት ኖሮ በስምንት ዓመቱ ይጀምር ነበር።

እኔስ? ያንን ፎቶ ከእርስዎ እንደደረሰኝ ሦስት ጊዜ አየሁት። 2017 ሲል ልክ ነው ብዬ አለፍኩት። አገር ቤት ስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ስለማውቅ አልደነቀኝም።

አሁን የግድግዳው ካሌንደር ላይ ከትልቁ ቁጥር ጥግ የተጻፈችውን ትንሿን ቁጥር ይዩ፣ የፈረንጁ ቀን እሷ ናት። ወሩ ስድስተኛ፣ ዓመቱ 2025። ሰዓቱንም ያስተካክሉ፤ በእናንተ ከጠዋቱ ሦስት ሲሆን ኮምፒውተሩ ዘጠኝ ይበል። ቀኑን የሚረሳው ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞታ ነው። ሰዓት ሠሪ ጋ የምትገኘው ዓይነት ክብ ባትሪ ናት፣ ያስቀይሯት።

ሌላም ወሬ አለኝ። ኃላፊዋ "ይህን ሁሉ ከምትጠይቀኝ ተቀምጠህ ተማር" ብላ ከነገ ወዲያ ጀምሮ ከምሳ በኋላ አንድ አንድ ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ ልታስቀምጠኝ ነው። ዛሬ ለእናቴ እደውልላታለሁ። ሁሉንም።

ምን እንደሆነ ወዲያው ይጻፉልኝ።

ጀሊል


ሮቤ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
(አንተ ጋ ጁላይ 13 ቀን 2025፤ ይኸው ተማርኩ!)

ይድረስ ለልጄ ለጀሊል፣ ለጥልፍ ሠሪው

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጀመረ! ጀመረ! ጀመረ! ወዲያው ጻፊልኝ ስትለኝ አሥራ አምስት ቀን ያቆየሁህ እጄ ላይ ክር እንጂ እስክሪብቶ ስላልነበረ ነው። "ጀመረ" የምትለዋን አጭር መልእክት እንደደረሰችህ አይቻለሁ፣ ግን እኔ በአንዲት ቃል የምጠግብ ሰው መሰልኩህ?

ደብዳቤህ የደረሰኝ እሑድ ነው። ሼዱ ዝግ ነበር። ጁሀራን ከቤቷ፣ ሩሃማን ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጠብቄ ይዣቸው መጣሁ። ካሌንደሩን ከግድግዳው ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ያቺን ትንሽ ቁጥር ይኸው ዕድሜ ልኬን ሳላያት ኖሬያለሁ! ቀኑን ለወጥኩ፣ ሰዓቱን ለወጥኩ፣ ፕሮግራሙን "ተጫን" አልኩት። አንድ አረንጓዴ መስመር እየሞላ ሄደ። የሚቆምባት ቦታ ሲደርስ ሩሃማ ዓይኗን ጨፈነች። አልቆመም ጀሊል። አለፋት! መጨረሻ ላይ ደረሰና የአበባ ሥዕል ያለበት መስኮት ከጥግ እስከ ጥግ ተከፈተ፣ ምንም ጠርዝ ሳይቀርበት።

ሁለታችን ስንጮህ ጁሀራ ግን "ስለዚህ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ" አለችኝ። "በየጠዋቱ ቀኑን እያስተካከልኩ ነው እያልሽ የምታበላሺው አንቺ!" "አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኳት። ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ልጇ ሲመረቅ ነው።

ለሙከራ የሩሃማን የራስ መሸፈኛ ወጥረን አንድ የቡና ፍሬ አስጠለፍን። መርፌው ሲወርድ ሲወጣ ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ሲያልቅ እኔ ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። ትርፍ ክር ነበረው፣ በመቀስ ቆረጥኩትና አንተን አሰብኩ።

ነጋዴው ሰኔ ሠላሳ ማሽኑን ሊጭን መኪና ይዞ መጣ። ስምንተኛውን ሻሽ እየሠራን ነበር። ጁሀራ በሩ ላይ ቆማ "ስምንት ዓመት ቀድመህ መጣህ፣ ተመለስ" አለችው። ሰውዬው አልገባውም። እኛ ግን ተንከባለልን።

እሱ ከሄደ በኋላ ጁሀራ ምን እንዳለችኝ ስማ። "እንግዲህ የእግር መኪናሽን ነገር ለባልሽ ምን ልትይው ነው?" ለካስ መኪናዬን የገዛችኝ ሴትዮ የእህቷ ምራት ናት! ከተሸጠች ሳምንት ሳይሞላት ጁሀራ ሰምታለች። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?" ስላት "ነጋዴው ሰኔ አሥራ አምስት ልውሰድ ሲል ሠላሳ ነው ብዬ የተጣላሁት ለማን መሰለሽ?" አለችኝ። እኔ እኮ እሷን ማሽኑን ለመሸጥ የቸኮለች አድርጌ ስንት ቀን አምቻታለሁ፣ በልቤም በአፌም። እጇን ስስማት "ተይኝ፣ ሥራ አለብን" ብላ ነጠቀችኝ።

ለባለቤቴም በዚያው ቀን ነገርኩት። ሁሉንም። ሻዩን ጨረሰ። ከዚያ "እና ቴሌቪዥኑስ መቼ ነው የሚመለሰው?" አለኝ። ሦስት ወር ያስጨነቀኝ ነገር ይኼው ነበር።

እናትህም ትናንት ከጎባ ደወለችልኝ። "ከእኔ ምን ይደብቃል፣ ሞኝ!" እያለች በአንድ በኩል ታለቅሳለች፣ በሌላ በኩል ከምሳ በኋላ ኮምፒውተር ላይ እንደምትቀመጥ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራ ጨርሳለች። ይህኛውን ልታርመው ብትፈልግ ቶሎ በል፣ ከምሳ በፊትም መጨመሯ አይቀርም።

ሃያ አራቱን ሻሽ ዛሬ ጠዋት ለደሎ መና ሰዎች አስረከብን። የሙሽራዋ እናት ራሷ ናት የመጣችው። አንድ በአንድ ዘርግታ አየች። መጨረሻ ላይ የራሷን ቀሚስ ከፌስታል አውጥታ "ከታች ዙሪያውን ይህንኑ ፍሬ አድርጉልኝ፣ ከሙሽራዋ እንዳላንስ" አለችን። ሠርጉ ሳምንት ነው የቀረው፣ እሺ አልን። ማሽኑ አሁን እሱን እየጠለፈ ነው፣ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ።

ልነግርህ የምፈልገው ገና ብዙ አለ። የሩሃማ ልጅ... ቆይ፣ ማሽኑ ጮኸ። ቀዩ ክር አልቆ ነው፣ ሲያልቅበት እንዲህ ይጣራል። ጁሀራም ከወዲያ "ዙሀይራ! ደብዳቤሽን ተይና ክሩን ቀይሪ!" ትለኛለች። ይኸው ደግሞ ጮኸ።

መጣሁ አልኳት።

አዳዳህ ዙሀይራ